የሦስተኛው ገንዳ ጠበል

ጎንደር፣ ሐምሌ 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለእናቴ እህት ለእትዬ እስከዳር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ከባሕር አጠገብ የሚኖር ሰው ጠባቂ ያስፈልገዋል ይላሉ አባባ፤ ስለዚህ ቅዱስ ሚካኤል በመውጣትዎም በመግባትዎም አይለይዎት። እኛ ደህና ነን። አባባ ቅኔ ማስተማራቸውን አላቋረጡም። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፣ ግን ቆማ ትውላለች።

ደብዳቤ መጻፌ ይገርምዎት ይሆናል። ስልኩ የአባባ ነው፤ ሲደወል ቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል፣ እኔ ጋ ሲደርስ ድምፄ ይጠፋል። «ደህና ነሽ?» ሲሉኝ «ደህና» እላለሁና ለእናቴ መልሼ እሰጣታለሁ። ልናገር የነበረው ሁሉ የሚመጣልኝ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። የጠዳው ሹፌር አያ ዋሴ ማዳበሪያ ሊጭኑ ከድንበር ማዶ ታጁራ ወደብ ስለሚመላለሱ ደብዳቤ ሊያደርሱልኝ ተስማምተዋል።

ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ካቆምሁ ሁለት ዓመቴ ነው። አሁን ፒያሳ፣ የቤተ ክርስቲያን ጥላ የሚሰፋበት ሱቅ እሠራለሁ። የጥላውን ዘርፍ የምሰፋው እኔ ነኝ። እጅሽ ሸጋ ነው ይሉኛል። ሥራው ወሬ ስለማይፈልግ ይስማማኛል።

አሁን የምጠይቅዎ ነገር አለ። ባለፈው ሲደውሉ እናቴን «ጽዳቱን ትቼ ድንጋይ እጠብቃለሁ፣ ሙቀቱንም እለካለሁ» አሏት። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ እንቅልፍ የላትም። «ድንጋይ ምን ሆኖ ይጠበቃል? ወይ ታማለች፣ ወይ ታስራ ልትነግረኝ አፍራ ነው» ትላለች። አባባ «ምነው ብርቱካን፣ የእኛ ከተማ ሰው ግንቡን ሲጠብቅ አይደል የሚውለው? ድንጋይ መጠበቅ የዘር ነው» ብለው ሊያስቋት ሞከሩ። አልሳቀችም።

እውነቱን ለእኔ ይጻፉልኝ። በጥር እመጣለሁ ያሉትስ እንዳለ ነው? አሥራ አንድ ዓመት ሆነዎት። ሲሄዱ አምስት ዓመቴ ነበር። የማስታውሰው የነጠላዎን ጠርዝ ይዤ እንደነበር፣ አንድ ሰው ጣቶቼን አንድ በአንድ እንደፈታቸው ብቻ ነው።

እጅ ነሥታ መልስዎን የምትጠብቅ፣
የእህትዎ ልጅ ምስጢር ወልደ ዮሐንስ


ታጁራ፣ ነሐሴ 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለምስጢር፣

ደብዳቤሽን ከአያ ዋሴ እጅ ስቀበል እጄ እርጥብ ነበር፤ ስለዚህ መጀመሪያ ፀሐይ ላይ አስቀመጥሁት፣ ቀጥሎ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ አባትሽን ከነወንበራቸው፣ እናትሽን ከነጉልበቷ ይጠብቅልኝ።

ለእናትሽ ንገሪልኝ፤ አላበድሁም፣ አልታሰርሁም። የምጠብቀው ድንጋይ የሚመስል እንስሳ ነው። ኮራል ይሉታል። እኔም መጀመሪያ ድንጋይ መስሎኝ በብሩሽ ልፈገፍገው ስል ዶክተር ነጃት እጄን ቀጨም አድርጋ ያዘችኝ። የምሠራበት የባሕር ጥናት ጣቢያ ኀላፊ ናት፤ አገሯ እዚህ ነው፣ ግን ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። «ይኼ ይበላል፣ ይወልዳል፣ ይታመማል፤ ሰው በብሩሽ ትፈገፍጊያለሽ?» አለችኝ።

አንቺ ጥላ ሰፊ ስለሆንሽ ይገባሻል። ጤነኛው ኮራል ውሃ ውስጥ ሲታይ የጥላ ዘርፍ በነፋስ ሲነቃነቅ ይመስላል። አንዱ ጉማጅ የሰሊጥ ፍሬ የሚያህሉ ብዙ ሺህ ፍጥረታት የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ተጋግዘው የድንጋይ ቤት ይሠራሉ። ከውስጣቸው በዓይን የማይታይ ተክል አለ፤ ምግባቸውን የሚያዘጋጅላቸው፣ ቀለማቸውንም የሚሰጣቸው እሱ ነው። ውሃው ሲግል ግን ከተክሉ ጋር ይጣሉና ያስወጡታል። ያን ጊዜ እንደ ኖራ ይነጣሉ። ነጡ ማለት ሞቱ ማለት አይደለም፤ ተርበዋል ማለት ነው። ውሃው ቶሎ ካልቀዘቀዘ ግን ያልቃሉ። እነሱ ሲያልቁ ዓሣው ቤት ያጣል። እዚህ ያሉት አጥማጆች ድሮ ከደጃቸው ነበር የሚያጠምዱት፤ አሁን ግማሽ ቀን ቀዝፈው ይሄዳሉ፣ ባዶ ጀልባ ይዘው ሲመለሱ እርስ በርስ አይተያዩም።

ውሃው ለምን ይግላል ብዬ ጠይቄያታለሁ። ከማኪናው፣ ከፋብሪካው፣ ከመርከቡ የሚወጣው ጭስ በዓለም ላይ እንደ ጋቢ ተደርቦ ሙቀቱ እንዳይወጣ ያፍነዋል አለችኝ። ከዚያ ሙቀት አብዛኛውን የሚሸከመው ባሕሩ ነው። ጭሱንም ይጠጣዋል። ጭስ የጠጣ ውሃ ወደ አምቦ ውሃ ጠባይ ይሄዳል፤ በምላስ አይታወቅም፣ የድንጋይ ቤት ለሚሠራ ፍጥረት ግን ይታወቀዋል። ዛጎሉ ይሳሳል፣ ቤቱን መሥራት ይከብደዋል።

ሦስት ገንዳዎች አሉን። በመጀመሪያው ያሉትን ሆን ብለን እናሞቃቸዋለን፣ በሁለተኛው የጭሱን ጋዝ እንነፋባቸዋለን፤ እስከ የት እንደሚችሉ ለማወቅ ነው። በሦስተኛው ግን ከባሕረ ሰላጤው ሙቀቱ ሳይብስ አውጥተን ያሸሸናቸው ዐሥራ ሁለት ጉማጆች አሉ፤ በማቀዝቀዣ ነው የምናኖራቸው። ነጃት በቁጥር ትጠራቸዋለች። እኔ በሐዋርያት ስም ሰይሜያቸዋለሁ፤ ይሁዳን ትቼ ማትያስን። ለእሷ አልነገርኋትም።

ባሕሩ በኅዳር እስኪቀዘቅዝ ካቆየናቸው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ያን ጊዜ በቋሚነት እቀጠራለሁ፣ የአንድ ወር ዕረፍትም አገኛለሁ። በጥር የምመጣው በዚያ ነው። ካለቁ ግን ጣቢያው ይዘጋል፣ እኔም ወደ ሰው ቤት ጽዳት እመለሳለሁ። ይቺን የመጨረሻዋን ለእናትሽ አታንብቢላት።

አሁን በየሁለት ሰዓቱ ሙቀቱን አነባለሁ፣ በመዝገብ እጽፋለሁ። የውጪው ባሕር ዛሬ ከትናንት ይሞቃል፣ ትናንትም ከትናንት ወዲያ ይሞቅ ነበር። ጸልዩልን።

አክስትሽ እስከዳር


ጎንደር፣ ነሐሴ 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ እስከዳር፣

የፍልሰታን ጾም በሰላም ያስፈታዎ አምላክ ዐሥራ ሁለቱንም ያኑርልዎ።

ደብዳቤዎን ለእናቴ አነበብሁላት፤ የከለከሉኝን ዘለልሁት። ስትሰማ ቆይታ «ታዲያ ይኼ ፍጥረት ያበላውን ተክል ነው የሚያባርረው? እንደ ሰው ነው በይኛ» አለች። ያን ቀን ተኛች።

ስለ ጭሱ ግን አያ ዋሴን አስቀየምኋቸው። ደብዳቤዎን ሲሰጡኝ ማኪናቸው በራችን ላይ ቆማ ጥቁር ጭስ ታወጣ ነበር። እዚያው ቆሜ አንብቤ ስጨርስ ቀና ብዬ ጭሱን አየሁት።

«ምነው፣ ባሕሩን ያሞቅሁት እኔ ነኝ? በዚች አሮጌ?» አሉኝ።

«እርስዎን አላልሁም፣ አያ» አልሁ።

«አላልሽም፣ ግን አየሽኝ። አክስትሽም እንደዚሁ ነው የምታየኝ። ማዳበሪያውን አራግፌ ስሄድ ጭሴን ያየው ሰው የለም፤ እህሉን ሲበላም ያነሣው የለም።»

ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልሁ። እውነታቸውን ይመስለኛል፤ ግን ጭሱም አለ።

ከተማው ትንሽ ተረብሾ ነበር። አሁን ይሻላል። ሱቁ ዐሥር ቀን ተዘግቶ ነበር የተከፈተው። ያየሁት ትልቁ ውሃ የጥምቀተ ባሕሩ ገንዳ ስለሆነ፣ እቤት ተቀምጬ የእርስዎን ባሕር ሳስብ እሱን እያሰፋሁ፣ እያሰፋሁ ነው፤ ዛፎቹ እስኪጠፉኝ ድረስ።

ከሚካኤል ጠበል አንድ ሃይላንድ ልኬልዎታለሁ። ለታመሙት እንዲሆንልዎ ነው። ጠርሙሱን በደንብ አጥቤዋለሁ።

አያ ዋሴ ነገ ማለዳ ስለሚነሡ አጠረብኝ።

ምስጢር


ታጁራ፣ መስከረም 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምስጢር፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመትና ለመስቀሉ በሰላም አደረሳችሁ። ዘመኑ የሰላም ይሁንላችሁ።

የላክሽው ደርሶኛል። ለታሰበለት ነገር አውዬዋለሁ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

አንዳንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጠበሉን የቀዳው ማን ነው? የቀዳው ሰው ጾመኛ ነበር? ጠርሙሱ በመንገድ መሬት ነክቷል? አባትሽስ የማን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚሄድ ያውቁ ነበር? ለክፋት አይደለም የምጠይቅሽ። ማወቅ ፈልጌ ነው።

ማቀዝቀዣው በነሐሴ መጨረሻ ተበላሽቶ ነበር፤ ዕቃው ከከተማ እስኪመጣ ስድስት ቀን ፈጀ። አሁን ይሠራል።

በጥር ስለ መምጣቴ ለእናትሽ ገና አትንገሪያት።

እስከዳር


ጎንደር፣ ጥቅምት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ እስከዳር፣

የጽጌ ወር እመቤት ከስደቷ በረከት ታድልዎ። ሁላችንም ደህና ነን።

ለጠየቁኝ ልመልስ። የቀዳሁት እኔ ነኝ። ጾመኛ ነበርሁ፤ ጠዋት ነበር፣ ምንም አልቀመስሁም። ጠርሙሱ መሬት አልነካም፣ በነጠላ ጠቅልዬ ነው የሰጠኋቸው። አባባ አያውቁም ነበር።

እርስዎ ስለ ሦስተኛው ገንዳ አልጻፉልኝም። ሐዋርያቱ እንዴት ናቸው? ሥራ ላይ ሆኜ ዘርፍ ስቆጥር ሁልጊዜ ዐሥራ ሁለት ላይ እቆማለሁ። አሠሪዬ እማሆይ «ምን ቆጥረሽ ነው የምታቆሚው? ጥላው እኮ ክብ ነው፣ ጫፍ የለውም» ይሉኛል።

ጥቅምት 29። ደብዳቤው እስካሁን በእጄ ነው። አያ ዋሴ መልሴን ሳይቀበሉኝ ተነሥተው፣ መንገዱ ተዘግቶ ወልድያ ላይ ሦስት ሳምንት ቆመው ነበር። ወደቡ ሳይደርሱ ዛሬ ተመለሱ፣ ከርስዎ ምንም አላመጡም። ይህንኑ እልካለሁ። እባክዎ ስለ ገንዳው ይጻፉልኝ። መጥፎም ቢሆን።

ምስጢር


ታጁራ፣ ኅዳር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምስጢር፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ካንቺ በቀር የምነግረው ሰው ስለሌለኝ ልንገርሽ፤ ልጅ ነሽ፣ ሸክም አደረግሁብሽ፣ ይቅር በይኝ።

ማቀዝቀዣው የተበላሸ በነሐሴ ሃያ ዘጠኝ ነው። ነጃት ዕቃውን ልታመጣ ወደ ከተማ ሄደች፣ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። በረዶ ከአጥማጆቹ እየለመንሁ፣ በላስቲክ አስሬ ገንዳው ውስጥ እሰቅላለሁ፤ ይቀልጣል፤ ሙቀቱ ይወጣል። ሠላሳ አንድ ሆነ። ሠላሳ ሁለት ሆነ። ጳጉሜን ሁለት አያ ዋሴ ጠርሙስሽን አመጡልኝ። በማግስቱ፣ በሩፋኤል ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ሠላሳ ሦስት አለፈ። ጴጥሮስና እንድርያስ ጫፋቸው ነጣ። ጨነቀኝ። አባታችን ሆይ ብዬ ጠርሙሱን ከፈትሁና ሙሉውን አፈሰስሁት።

በሁለተኛው ቀን ስምንቱ ነጭ ሆኑ። በመስከረም ስምንቱም ሞቱ። ቶማስ፣ ታዴዎስ፣ ናትናኤልና ማትያስ ቀርተዋል፤ ማትያስም ግማሹ ነው።

ምስጢር፣ አሥራ አንድ ዓመት ሥጋ ወደሙ አልተቀበልሁም። ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ሩቅ ናት እላለሁ፤ እውነቱ ግን ራቅሁ። በሰው አገር እንዴት እንደኖርሁ ለእናትሽ ያልነገርኋት ብዙ ነገር አለ። ያንቺን ንጹሕ ጠበል በዚህ እጄ ነካሁት። ለዚያ ነው የጠየቅሁሽ፤ ካንቺ በኩል ጉድለት ካለ ብዬ፣ በልቤ እንዲኖር ተመኝቼ። የለም። ጾመኛ ነበርሽ፣ መሬት አላስነካሽም። እንግዲያ ጠበሉ እኔን አላወቀኝም።

ነጃት ምክንያቱን ትፈልጋለች። ውሃውን ትመረምራለች፣ መዝገቡን ታገላብጣለች። በሩፋኤል ቀን አራት ሰዓት ያህል አልጻፍሁበትም፤ ባዶ ነው። «እዚህ ጋ ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። «ደክሞኝ ነበር» አልሁ። ብነግራት ታባርረኛለች። ሳልነግራት ደግሞ ባዶውን ቦታ ባየች ቁጥር ታየኛለች።

በጥር አልመጣም። ምን ይዤ እመጣለሁ? ለእናትሽ ሥራ በዛባት በያት።

እስከዳር


ጎንደር፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ፣

ሰላምታ መጻፍ ከብዶኛል፤ ካነበቡት በኋላ የሚቀበሉት ከሆነ ከታች አለ።

ጠበል አልነበረም።

በነሐሴ ዐሥራ ሰባት ማለዳ ወደ ሚካኤል ልሄድ ሃይላንዱን ይዤ ወጣሁ። ከመስቀለኛው መንገድ ሳልደርስ ተኩስ ሰማሁ፣ ሴቶች ወደ ኋላ ሲሮጡ እኔም ሮጥሁ። እናቴ «ከዚህ ወዲያ ከደጅ አትወጪም» አለችኝ። አያ ዋሴ ደግሞ ከሁለት ቀን በኋላ ይነሡ ነበር። ደብዳቤዎን ደግሜ አነበብሁት፣ «ጸልዩልን» ይላል። ባዶ እጄን መላክ አቃተኝ። በማግስቱ ጠዋት ከጓሮ ካለው ሮቶ ቀዳሁ። እየቀዳሁ ጸልያለሁ። እግዚአብሔር ከሮቶም ያያል ብዬ ነበር።

እናቴ በክረምት ሮቶው ውስጥ ከጤና ጣቢያ የሚሰጡትን የውሃ መድኃኒት ትጨምራለች። ክዳኑን ስከፍት ሸትቶኛል። ትንሽ ነው ብዬ ተውሁት። ሁለት ሳምንት ብታገሥ ኖሮ የሩፋኤል ዝናብ በራሱ ጠበል ነበር፤ እርስዎ ያን ውሃ ባፈሰሱበት ቀን እዚህ ሲዘንብ ውሏል፣ የሰፈሩ ልጆች እየጮሁ ሲጠመቁበት በመስኮት አያቸው ነበር።

በመስከረም ማን ቀዳው ሲሉኝ እኔ አልሁ፤ እውነት ነው። ጾመኛ ነሽ ሲሉኝ አዎ አልሁ፤ እውነት ነው። ከየት ብለው ስላልጠየቁኝ ዝም አልሁ። ከየት እንደሆነ ግን አስቀድሜ ዋሽቼ ነበር።

ትናንት አባባ ብቻቸውን ሆነው መጽሐፍ ሲጠግኑ ሄጄ ነገርኋቸው። ከሥራቸው ቀና አላሉም።

«ስንት ሊትር ነበር?» አሉኝ።

«አንድ።»

ክሩን በመርፌው ቀዳዳ እስኪያስገቡ ቆዩ። «ለእኔ መናገርሽ ሸጋ ነው። ግን የተሸከመችው እሷ ናት። ሂጂና ጻፊላት።»

«ቢጠሉኝስ?»

«እሱን እሷ ትወስን፤ ያንቺን ድርሻ ብቻ ሥሪ» አሉኝ። ቆይተውም «ለእስከዳር እንዲህ በያት፤ እኔም አሥራ አንድ ዓመት ሰላም በሉልኝ ብቻ ብዬ ዝም ያልሁባት ነኝና ይቅር ትበለኝ» አሉ።

እትዬ፣ ጠበሉ አላወቀኝም አይበሉ፤ እርስዎ ጋ አልደረሰም። ለዶክተር ነጃት የኔን ስም ይንገሯት፤ ምስጢር ወልደ ዮሐንስ፣ ዕድሜ ዐሥራ ስድስት፣ አንድ ሊትር፣ መድኃኒት ያለበት የሮቶ ውሃ። ስምንቱን የገደልሁ እኔ ነኝ። መባረር ካለ ምክንያቱ እኔ እንደሆንሁ ትወቅ።

ሰላምታዬ ይኸው፤ ከመሬት ወድቄ ነው።

ምስጢር


ታጁራ፣ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለምስጢር፣

እግዚአብሔር ከወደቅሽበት ያንሣሽ፤ እኔም አንሥቼሻለሁ። ሰላም ለቤታችሁ ሁሉ። አባትሽን በይልኝ፤ እኔም ዝም ብያለሁ፣ ተካክለናል።

ደብዳቤሽን ካነበብሁ በኋላ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ልዋሽሽ አልፈልግም። ዕቃ ሳጥብ አንድ ብርጭቆ ሰበርሁ። ቀጥሎ ግን ከደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተነሣ፣ ተቀምጬ አለቀስሁ። ያኔውኑ ለነጃት ሁሉንም ነገርኋት፤ የሐዋርያቱን ስም ሳይቀር።

«ስንት ሊትር?» አለችኝ፤ ልክ እንደ አባትሽ።

«አንድ።»

«ገንዳው ሁለት ሺህ ሊትር ነው፣ እስከዳር።» ወረቀት አውጥታ አሰላችው። መድኃኒቱ በዚያ ሁሉ ውሃ ውስጥ የት እንደገባ አይታወቅም አለች። «የገደላቸው ሙቀት ነው። ስድስት ቀን ሙሉ።» አላመንኋትም፣ ልታጽናናኝ መሰለኝ። «ነይ» አለችና በጀልባ ይዛኝ ወጣች።

ምስጢር፣ ከወደቡ ወዲያ ያለውን፣ ከጣቢያው የማይርቀውን ስፍራ በመስታወት ሳጥን ወደ ታች አየሁት። መጀመሪያ ወደዚህ ስመጣ ወርቃማ፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ ነበር። አሁን ነጥቶ የነበረው በውሃ አረም ተሸፍኖ፣ የፈረሰ መንደር መስሎ ይታያል። ቀዘፍን፣ ደግሞ ያው ነው። ቀዘፍን፣ ያው። አንድ ዓሣ ብቻ ቤት እንደጠፋበት ሰው ይዞር ነበር። ነጃት መቅዘፊያውን አሳርፋ «እዚህ ማን ጠበል አፈሰሰ?» አለችኝ።

እስካሁንም ያ ጥያቄ ነው የሚያስጨንቀኝ። ጥፋቱ የኔ ቢሆን ንስሐ ገብቼ እገላገል ነበር። ያንቺ ቢሆን ይቅር ብዬሽ እገላገል ነበር፤ ይቅር ማለትማ ችያለሁ። ይኼኛው ግን ትንሽ ከእያንዳንዱ ሰው ነው፣ ከአንዳንዱ ደግሞ እጅግ ብዙ፤ ማን ለማን ይናዘዘዋል? አያ ዋሴን አይቼ ልቆጣ አልሁ፣ በዚያች ማኪና ነው ደብዳቤሽ የደረሰኝ።

አልተባረርሁም። ነጃት የተቆጣችኝ ስለ ባዶው ቦታ ነው። «ውሃ ስለጨመርሽ አይደለም፤ ሳትጽፊ ስለቀረሽ ነው። ያልተጻፈው ነገር ነው የሚያሳስተን። የሚመጣው ሰው ምን አይቶ ይማራል?» አለችኝ። ብዕር ሰጠችኝና በራሴ እጅ አስሞላችኝ። አሁን በመዝገቡ ላይ እንዲህ ይላል፦ ጳጉሜን 3፣ እኩለ ቀን፣ አንድ ሊትር የሮቶ ውሃ ከጎንደር፣ ላኪ ምስጢር። ስምሽ ከባሕር ጥናት መዝገብ ገብቷል፤ ለእናትሽ ይህን አንብቢላት።

አራቱን በጥምቀት ማግስት ወደ ባሕር መለስናቸው። ማትያስ ካንድ ጎኑ ቀለም ጀምሯል። ጣቢያው እነዚህ እንዴት እንደተረፉ እስኪታወቅ እስከ መጪው ክረምት ይቆያል፤ ቋሚ ቅጥር ግን ገና ነው። ከፋሲካ በኋላ ለዐሥር ቀን እመጣለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም፤ ሰኔ ከገባ ውሃው እንደገና መጋል ይጀምራል፣ እዚህ መገኘት አለብኝ። አሁንም እፈራለሁ፣ ልደብቅሽ አልፈልግም።

አንድ ነገር ላኪልኝ። ከሚካኤል ጠበል። ለገንዳው አይደለም፣ ለእኔ ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን ብቻ ሂጂ፤ ካልሆነ ባዶውን ጠርሙስ ላኪልኝ፣ ይገባኛል።

አክስትሽ እስከዳር


ጎንደር፣ የካቲት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎ ለእትዬ እስከዳር፣

አራቱን በውሃ ውስጥ የሚጠብቅ አምላክ እርስዎንም እስከ ፋሲካ በደህና ያቆይልኝ።

ከትናንት ወዲያ የሚካኤል ዕለት ስለነበር ሰዉ ብዙ ነው፣ መንገዱም ሰላም ነበር። ከእናቴ ጋር ሄድን። ጉልበቷን እያማት ሄደች፤ «ደግሞ ከሮቶ ትቀጂና» አለችኝ። ነግሬያታለሁ፤ ሁሉንም፣ የዘለልሁትንም። መጀመሪያ አልሳቀችም፣ ቆይታ ስሜ የባሕር መዝገብ ላይ ነው ስላት ሳቀች።

የጠበሉ ጠባቂ አባ ዕንባቆም ተራዬን ሲሰጡኝ ጠርሙሱን ከቀጭኑ አሸንዳ ሥር ደቀንሁት። ውሃው እንደ ክር ነበር የሚወርደው። «ድሮ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደግመሽ ሳትጨርሺ ይሞላልሽ ነበር» አሉኝ አባ። «መቼ ነው ድሮ?» አልኋቸው። እኔ ሰው ስጠይቅ እናቴ ዞራ አየችኝ። «አንቺ ሳትወለጂ አይደለም፤ ስትወለጂ ነው» አሉኝ።

ከኋላዬ ያሉት ሴቶች አጉረመረሙ። እኔ ግን እየደገምሁ ቆጠርሁ።

ዐሥራ ዘጠኝ አቡነ ዘበሰማያት ፈጀ።

ለዶክተር ነጃት ይንገሩልኝ፤ ሰዓት አልነበረኝም፣ ግን አልቸኮልሁም። ውሃው ከዚያው ከሚካኤል ነው፣ የካቲት 12፣ ጠዋት፣ አንድ ሊትር። ምንም አልጨመርሁበትም። ከሱቅ ከሚጣለው የጥላ ካርቶን ደብተር ሰፍቼ በመጀመሪያው ገጽ ከዐሥራ ዘጠኙ ጋር ጽፌዋለሁ፤ በየወሩ በሚካኤል እየሄድሁ እጽፋለሁ።

ምስጢር